ከባለቤቱ ያወቀ

ባህል በአገራችን ቀን የተቆረጠለት ነገር ሆኗል። ኅዳር 29 ሲደርስ ከየክልሉ የተውጣጡ ወጣቶች በስታዲየም ይሰለፋሉ። ከበሮው ይመታል፣ እስክስታው ይወርዳል፣ የክብር እንግዳው ግማሽ ያጨበጭባል፣ ግማሽ ስልኩን ያያል። መድረክ መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውብ ባህላችን!» ይላል። ማምሻውን ሁላችንም በቴሌቪዥን እናየዋለን። በማግስቱ ቢሮ ይከፈታል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፤ ያ ሲጨፍር የዋለው ወጣት የመጣበት ቀበሌ ግጦሽ ለማን እንደሚሰጥ፣ ደኑን ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚጠለፍ ይወሰናል። ለዚህኛው ስብሰባ ከበሮ ይዞ የሚመጣ ሰው አይፈለግም። የወጣቱ አባትም አይጠሩም። ትናንት ባህላቸው ውብ ነበር፤ ዛሬ ግን አስተሳሰባቸው ኋላ ቀር ሆኖ ተገኝቷል።

ባህልን በግልጽ ከሚንቁት ሰዎች ጋር ብዙ ጠብ የለኝም። እነሱ ቢያንስ የቆሙበት ይታወቃል። ጠቤ ከሚያደንቁት ጋር ነው። ባህልን በጥልፍ ቀሚስ፣ በዘፈንና በገንፎ ልክ ቆርጠው ካሳነሱት በኋላ «ይኸውና ጠበቅንላችሁ» ከሚሉን ጋር ነው። አንድ ማኅበረሰብ ሣሩን መቼ እንደሚያጭድ፣ ከብቱን የት እንደሚያሰማራ፣ የበደለውን እንዴት እንደሚክስ፣ የቸገረውን እንዴት እንደሚደግፍ የሚወስንበት ሥርዓት ባህሉ ነው። እሱን ወስዶ ቀሚሱን መተው ቤቱን ወርሶ መጋረጃውን እንደ መመለስ ይቆጠራል። አበው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚሉት እንዲህ ላለው ረጂ ነው። እንርዳችሁ ብሎ ይመጣል፤ ከባለቤቱ አውቆ ይቀመጣል።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳላወራው ወደ ጣርማ በር እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃታል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ብርዱ እየጠና፣ ጉሙ እየወፈረ ሲሄድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያሠራው ዋሻ ይመጣል። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ሲወርዱ ደብረ ሲና፣ ከዚያም የኢፋት ቆላ ነው። መንገደኛው ሐሳቡ ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ልብ አይለውም። ያ መንገድ ወደ መንዝ ይወስዳል፤ ሲሄድም ጓሳን ያቋርጣል።

ጓሳ የሣርም የቦታም ስም ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱም ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የውርጭ አገር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። በዓለም ላይ ከ500 በላይ አይገኝም የሚባለው ቀይ ቀበሮ አንዱ መኖሪያው እዚያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውም በመንጋ ሆኖ ሣሩን ሲነጭ ይውላል። ከዚሁ ከፍታ የሚነሣው ውኃ ከፊሉ ወደ ጀማ ወርዶ ዓባይ ይገባል፤ ከፊሉ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። መንዝ ደግሞ ውርጭ የበዛበት፣ ማሳው የደከመበት አገር መሆኑን ዶናልድ ሌቪን ስለ መንዜዎች ከጻፈ ወዲህ ፈረንጁም ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ችጋራም አገር ውስጥ ይህን የሚያህል መሬት ሳይታረስ መቆየቱ ራሱ ሊያስደንቀን ይገባል።

በመንግሥት ዘበኛ የቆየ እንዳይመስላችሁ። ያቆየው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነው። (ስሙን ስትሰሙ ሌላ ነገር ትዝ እንዳይላችሁ፤ የመንዙ ቄሮ ከዘመናችን ፖለቲካ ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።) አመጣጡ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል፤ መንዝን አቀኑ ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ ጋርም ይያያዛል። የእነሱ ተወላጅ ነን የሚሉት ባለ ርስቶች በየአጥቢያቸው ተከፋፍለው፣ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ በየወገናቸው መርጠው ጓሳውን ይጠብቁ ነበር። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ በደንብ ሲደርስ አለቆቹ መክረው በበጋው ይከፍቱታል። ያኔ ባለ መብቱ ሁሉ ይወጣል፤ ያጭዳል፣ ይሸከማል፣ ቤቱን ይከድናል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ የጥበቃ ተራ አለበት። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም።

እስቲ ይኼን እንደ ሕግ እዩት። ባለ መብቱ ታውቋል። ወቅቱ ታውቋል። ጠባቂው ራሱ ተጠቃሚው ነው። አለቃው ቢያጠፋ በበነጋው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ከሚያማው ጎረቤቱ ጋር ነው የሚኖረው። ዛሬ በየአውደ ጥናቱ «አሳታፊ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር» እየተባለ አበል የሚበላበት ነገር ከዚህ የሚጨምረው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እያንዳንዱ ባለ ከብት አንድ በሬ እየጨመረ ሁሉም ተያይዞ ይጠፋል፤ ማዳን ከተፈለገ ወይ መንግሥት ይያዘው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል አለ። ይኼ ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ የስንቱን ሹም ልብ እንዳሳበጠ አትጠይቁኝ። ከዚያ ኤሊኖር ኦስትሮም መጣች። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊዘርላንድን፣ የጃፓንንና የስፔንን መንደሮች እየጠቀሰች፣ ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት መጠበቅ እንደቻሉ አሳየች። ተርበል በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ማንም ሰው ክረምቱን ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳያወጣ የሚል ሕግ የተደነገገው በ1517 ነው። ኦስትሮም ለዚህ ሥራዋ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። የመንዝ ባላገር ጓሳን ሲዘጋና ሲከፍት የኖረው ኖቤል እስኪመጣለት ሳይጠብቅ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ነገሩን በአንድ ወገን አይቼ አልናገርም። አዋጁ ስንቱን ጭሰኛ ከመሬት ከበርቴ እግር ሥር አውጥቶታል፤ በዚያ ቀን የጨፈረ ሰው የጨፈረበት ምክንያት ነበረው። በጓሳ ግን ቄሮ ከርስት ጋር የተሳሰረ ስለነበር ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ተሻረ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች «ይኼን ሥርዓት ስናፈርስ ሣሩን ነገ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ስለ መንዝ ለይተው የጠየቁ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ሆኖ ደቡብንና ሰሜንን በአንድ አንቀጽ መቁረጥ የዚያ ዘመን ልማድ ነበር። (የዚያ ዘመን ብቻ ነው እንዴ?) የሁሉም የተባለው ጓሳ የማንም ሆነ። የፈለገ ገባ፣ ያልደረሰ ሣር ታጨደ፣ ከብት ያለ ወቅቱ ተሰማራ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየን ሥርዓት ለማፍረስ አንድ አዋጅ በቃ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ አላለቀም፤ ይኼን አምድ ያስጻፈኝም ቀሪው ነው። ነዋሪው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በለመደው በእድር መልክ እየተደራጀ የተረፈውን ለማዳን ሞከረ። ኋላ ላይ እንደ ዘላለም ተፈራ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ መንዝ ወጥተው ቀበሮውንም ባላገሩንም አጠኑ፤ የቄሮን አሠራር መዝግበው ለዓለም አስታወቁ። የፍራንክፈርቱ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ገንዘብና ባለሙያ ይዞ መጣ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ አድርጎ እውቅና ሰጠው። ከዙሪያው ቀበሌዎች የተወከሉ ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት ተቋቁሞ መዝጋትና መክፈቱ ተመለሰ።

በዚህ ውስጥ እርዳታ አለ፤ የውጭ ገንዘብም አለ። እርዳታውን የተለየ ያደረገው ከጠየቀው ጥያቄ ነው። «ምን እናስተምራችሁ?» ብሎ ሳይሆን «እናንተ እንዴት ነበር የምትጠብቁት?» ብሎ ጀመረ። ባላገሩ ያልነበረውን ሰጠው፤ ካርታ፣ ሕጋዊ ወረቀት፣ የክልል ማኅተም። ባላገሩ የነበረውን፣ ማለትም ማመዛዘኑንና ሥልጣኑን፣ አልነጠቀውም። ብሔራዊ ፓርክ ብሎ አጥሮ ነዋሪውን «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ብሎ ማስወጣትም ይቻል ነበር። በሌሎች ፓርኮቻችን ዙሪያ በከብት አርቢውና በፓርኩ ዘበኛ መካከል የሚፈሰውን ደም የሚያውቅ ሰው ጓሳ ከምን እንደተረፈ ይገባዋል።

አሁን ስለ በግ ላውራችሁ። መንዝን ያለ በግ ማሰብ አይቻልምና።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ብርድ ይችላል፣ ራብ ይችላል። ከፀጉሩ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይሠራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማራቢያ ከፈተና እንደ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ያሉ የውጭ ዝርያዎችን አምጥቶ ማዳቀል ጀመረ። በ1980 ደግሞ አዋሲ የሚባለው ከእስራኤል መጣ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሥጋውም ሱፉም ይጨምር ነው። ነገር ግን ባላገሩ ከኮሪዴልና ከሃምፕሻየር የተዳቀለውን በግ ሲያየው ፊቱን አዞረ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ላት የለውም! ላት የሌለው በግ፣ ቀንድ የሌለው ወጠጤ፣ ለፋሲካ ገበያ ቢወጣ ማን ይገዛዋል? ባለሙያው በወረቀቱ ላይ ኪሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ግን የምታስበው የዶሮ ማነቂያ ለሚያህል ጓዳዋ ነው፤ ላቱ ከሌለ ቅቤ ባለቀ ጊዜ በምን ልታበስል ነው? «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ተብሎ ስንት ሪፖርት ተጻፈበት። ገበሬው እኮ ገበያውን ከባለሙያው በላይ ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ መንገድ ተሞከረ። ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶችና የአገራችን ተመራማሪዎች ሞላሌና መሐል ሜዳ ወርደው ባለ በጎቹን «ለእናንተ ጥሩ አውራ በግ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ ላቱን ባለቤቶቹ ተናገሩ። የበጎቹ እድገት ይመዘገባል፤ የተመረጡትን አውራዎች መንደሩ በጋራ ይጠቀምባቸዋል። አንድ የታወቀ ችግርም ነበር፤ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ገንዘብ ስለሚያመጣ ተሸጦ ለበዓል ይታረዳል፣ ለዘር የሚቀረው ደካማው ነው። ይኼን ባለሙያው በቁጥር አሳየ፤ መፍትሔውን መንደሩ በስምምነት አበጀ። እዚህ ጋ ሳይንሱና ልማዱ ሳይጣሉ አብረው በሉ። ባለሙያው ሙያውን አልተወም፣ ባለ በጉም በጉን አልቀየረም።

ተቃዋሚዎቼ እስካሁን ዝም ብለው እንደማይጠብቁኝ አውቃለሁ። ሦስት ነገር ይላሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «ድሮ የነበረውን ሥርዓት እያሞገስክ ግፉን ሸፈንከው» ይላል። እውነት አለው። ቄሮ የባለ ርስት ሥርዓት ነበር። ከአስቦና ከጌራ ዘር መቁጠር ያልቻለ ሰው ጓሳን ከሩቅ ያያል። ሴት አባ ቄራ ሆና አልተሾመችም። በመላው ደጋ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲገፋ የኖረው ልማድም ባህል ነው ተብሎ ሊጠበቅልን አይገባም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተበደለ ሰው መብቱን የሚያገኘው ምክር ቤቱ ሲሰፋ ነው፣ ምክር ቤቱ ሲፈርስ አይደለም። በ1967 ርስት ያልነበረው ሰው ጓሳ ውስጥ ገባ፤ ሲገባ ግን ሕግ አልነበረም፤ ያገኘው የሚያልቅ ሣር ነው። ዛሬ የዘር ሐረግ ሳይቆጠር የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ባለ መብት ይሁን፣ ሴቶቹ ይመረጡ ማለት ይቻላል፤ ይገባልም። ያንን ማሻሻያ ተከራክሮ የሚያጸድቀው ግን ነዋሪው ራሱ መሆን አለበት። ሕያው ባህል ማለት ሕጉን ራሱ የሚያሻሽል ማለት ነው። ከውጭ መጥቶ የሚሽረውም፣ ከውጭ መጥቶ «እንዳትነኩት፣ ቅርስ ነው» የሚለውም ያው የባለቤቱን ቦታ ቀምተዋል።

ሁለተኛው «ሕዝቡ በድህነት እየማቀቀ ስለ ሣር ታወራለህ» ይላል። እኔ መንዜ ለጎብኚ ካሜራ ሲባል በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ይደር አላልኩም። ቆርቆሮ ከቻለ ይልበስ፤ ልጁን ያስተምር፣ መብራት ይግባለት፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይኑረው። ባህል መጠበቅ ማለት ድህነትን መጠበቅ የሚመስላቸው ሰዎች፣ ባህልን ከጎጆና ከገሳ ለይተው አያውቁትም። ቆርቆሮ ለብሶም ጓሳን መዝጋት ይቻላል። እንዲያውም ሀብት ሲመጣ የሚያከፋፍል ሥርዓት የሌለው መንደር ቶሎ ይበላላል። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃው ሠራተኛ፣ ለመንገዱ፣ ለቸገረው ቤተሰብ እንዴት ይደልደል? ይህን በእድር የለመደ ሰው ከማንም አማካሪ በላይ ይችልበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል። «ነባር ሕዝብ፣ ነባር ሥርዓት እያልክ በዚህ ዘመን እሳት ላይ ቤንዚን አታርከፍክፍ» ይላል። ልክ ነው፤ ቃሉ እሳት ነው። ፈረንጅ ቃሉን ያመጣው በመርከብ ተሻግሮ የሰፈረውን ነጭ ከቀድሞው ባለ አገር ለመለየት ነበር። ለአሜሪካ ሕንዶችና ለአውስትራሊያ አቦርጂኖች ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሲተከል ግን «ነባር»ና «መጤ» ሆኖ በቀለ። «የክልሉ ባለቤት» የሚል ሐረግ በሕግ ተጻፈ፤ በዚያው ስም ሰው ከኖረበት ቀዬ ተነቀለ፣ ተገደለ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ144 ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልነበረችም። ሁሉም «እኔ ነኝ ነባሩ» በሚልበት አገር ቃሉ እንደሚያስቸግር ይገባኛል።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ «ማን ቀድሞ መጣ?» አይደለም። አስቦና ጌራ ራሳቸው መንዝን «አቀኑ» ነው የሚባለው፤ አገር የሚያቀና ሰው ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። መብቱ ከመምጣት ቅደም ተከተል አይነሣም። የሚነሣው ቦታውን ከመጠበቅ፣ በቦታው ከመኖር፣ ለሚቀጥለው ትውልድም ከመጠንቀቅ ነው። በጓሳ ዳር የሚኖርና ተራውን የሚጠብቅ ሰው፣ አያቱ ከየትም ይምጣ፣ ባለቤት ነው።

ይኼ ጉዳይ የመንዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከዚያው ከጣርማ በር ሳንርቅ ቁልቁል እንመልከት። በኢፋት ቆላና በአንኮበር ሥር አርጎባዎች ይኖራሉ። በመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ከተማና መስጊድ ያነጸ፣ አልዩ አምባን በመሳሰሉ ገበያዎች የነገደ፣ በሽመናው የታወቀ ሕዝብ ነው። ልብሳቸውና ዜማቸው በየመድረኩ ይታያል። ቋንቋቸውስ? በወሎ በኩል እነ ሾንኬ ይዘውታል፤ በሰሜን ሸዋ በኩል ግን አብዛኛው ሰው ወደ አማርኛ አልፏል። ገበያው አማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ፣ ፍርድ ቤቱ አማርኛ ሆኖ አርጎብኛ የት ይነገር? ይህን የምጽፍበት፣ ለዓመታት ሥነ ጽሑፉን ያስተማርኩበት አማርኛ ራሱ ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። ለአንድ ቋንቋ ቀሚሱን በአውደ ርዕይ መስቀል አይረዳውም። ልጅ የሚማርበት ክፍል፣ ሽማግሌ የሚናገርበት ሸንጎ ያስፈልገዋል።

ራቅ ብለን ወደ ኦሞ ብንወርድ ደግሞ ነገሩ አፍጥጦ ይታያል። የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ በየቱሪዝም ፖስተሩ ላይ አለ። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥበት ማሽላ እየዘሩ የሚኖሩበት እርሻ ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 ወንዙን ሲቆጣጠረው መሠረቱ ተናጋ፤ በዚያው ሸለቆ የስኳር እርሻው መጣ። መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም በመብራት ነው የምጽፈው። ጥያቄው የከንፈሩን ፎቶ የፈለግነውን ያህል ስለ ጎርፉ ምክራቸውን ፈልገን ነበር ወይ የሚል ነው።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ላይ በሚወጡ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። «እንዲጠየቅ» ይላል፤ ጠይቆ እንዳልሰሙ ማለፍ በአገራችን የተለመደ ጥበብ ነው። አንቀጽ 34 ደግሞ ባለ ጉዳዮች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ይኼ የሚያስቅ ነው። ባህላችን ባልና ሚስት እንዲያስታርቅ ታምኖበታል፤ ሣር እንዲጠብቅ ግን አልታመነበትም! መሬቱ፣ ውኃው፣ ደኑ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ዘፋኝ ይሆናሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይኼን ነው። አንደኛ፣ እንደ ጓሳ ምክር ቤት ያሉ የማኅበረሰብ ተቋማት መሬታቸውንና ሀብታቸውን የሚያስተዳድሩበት ሥልጣን በአንድ ክልል በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሳይንጠለጠል በአገር አቀፍ ሕግ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለማኅበረሰብ የሚሰጥ እርዳታ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የውጭ፣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት «እናንተ እንዴት ትሠሩት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀበትና የተመለሰበት ቃለ ጉባኤ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ማኅበረሰቡ «አይሆንም» ሲል፣ አይሆንም ማለቱ ዋጋ ይኑረው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ምን ትርጉም አለው?

ይኼ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎብኚው ይቀራል፣ የፕሮጀክቱ መኪና ይቆማል፣ ቢሮው ይዘጋል። ያኔ ሣሩን የሚጠብቀው ደመወዝ ተከፋዩ አይሆንም። «ዘንድሮ አልደረሰም፣ አትጨዱት» የሚል ሽማግሌና ቃሉን የሚሰማው ጎረቤት ካሉ ይጠበቃል፤ ከሌሉ ይጠፋል። እነዚያን ሰዎች በሰላሙ ጊዜ «አታውቁም» እያለ ያዋረዳቸው ሹም በክፉ ቀን ሊጠራቸው አይችልም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በሚቀጥለው ኅዳር ከበሮው ሲመታ፣ እስክስታው ሲወርድ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሹም ቀስ ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ እነዚህ ልጆች በመጡበት ቀበሌ ግጦሹ ሊሰጥ ሲል አባቶቻቸው እምቢ ማለት ይችላሉ? ከቻሉ እኔም መጥቼ አጨበጭባለሁ።